ጎካርት ያለ ዲፈረንሻል እንዴት ይታጠፋል? ስለ ሻሲ አስተካከልና ስለ ኩርባ

ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የዲፓርትመንታችን ተማሪ መልስ አያጣም። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ረጅም፣ የውስጡ ጎማ ደግሞ አጭር መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ነገር ያስፈልጋል። ባጃጅ እንኳ ዲፈረንሻል አለው። የፈረስ ጋሪም ቢሆን ሁለቱ ጎማዎቹ ለየብቻቸው ስለሚዞሩ ችግር የለበትም። ጎካርት ግን ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ላይ ጥርቅም ተደርገው የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ አንድ ዙር ሲዞር ሌላውም የግዱን አንድ ዙር ይዞራል። ሞላ የለ፣ ባሌስትራ የለ፣ ሾክ አብዞርበር የለ። ይህ ሁሉ የጎደለው ነገር ታዲያ ኩርባ ላይ ሲደርስ ብዙ ዘመናዊ መኪና የማይደፍረውን ፍጥነት ይዞ ይታጠፋል። እንዴት ሆኖ?

ባጭሩ ለመመለስ፣ ጎካርት ሲታጠፍ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ ከመሬት ያነሳዋል፤ ካልሆነም ክብደቱን ከላዩ ላይ ያወርድለታል። ለቅጽበት ባለ ሦስት ጎማ ይሆናል ማለት ነው። የካርት መካኒኮች ሴቲንግ የሚሉት ነገር ሁሉ፣ የፊት ስፋት በሉት ካስተር፣ የወንበር ከፍታ በሉት የአክስል ጥንካሬ፣ ዞሮ ዞሮ የሚመልሰው ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፦ ያ ጎማ መቼ ይነሳል፣ ምን ያህል ይነሳል፣ መቼስ ይመለሳል? ይህን ያልጨበጠ ሰው አስተካከሎቹን እንደ መድኃኒት ዝርዝር ሸምድዶ ሊያውቃቸው ይችላል፣ ግን አይጠቅሙትም። በተለይ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ጎካርት እንሥራ የሚል ቡድን ካለ፣ ብረት ከመግዛቱ በፊት ይህን ጉዳይ ቢያስብበት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ወደ መጨረሻው ላይ ግልጽ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ጎካርት በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሠራው አርት ኢንግልስ የተባለ የእሽቅድምድም መኪና ባለሙያ ነው። ሞተሩ የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩም ጎማውም ፍሬኑም ብዙ ተሻሽሏል። አየርተን ሴና፣ ሚካኤል ሹማከርና ሉዊስ ሃሚልተን መንዳት የተማሩበት ይኸው ካርት ነው። ሞላ አልባው ሻሲ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ዓለም አቀፉ የውድድር ደንብም ማንኛውንም ዓይነት ሰስፔንሽን ይከለክላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የውድድር ካርት የኋላ ጠቅላላ ስፋት ቢበዛ 140 ሳ.ሜ. ነው። ከአንዱ ጎማ መሀል እስከ ሌላው ጎማ መሀል በግምት 120 ሳ.ሜ. እንበል። ካርቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ ማለትም 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የውጭው የኋላ ጎማ ከውስጡ ምን ያህል የበለጠ ይሄዳል? ልዩነቱ ስፋቱ ሲባዛ በማዕዘኑ ነው፤ 1.2 ሜትር በ1.57 ራዲያን ሲባዛ 1.88 ሜትር ገደማ ይመጣል። የሚገርመው የኩርባው ራዲየስ ስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ ኩርባው ጠባብም ይሁን ሰፊ ልዩነቱ ያው ነው። የኋላ ጎማው ዲያሜትር 11 ኢንች ስለሆነ ዙሪያው 88 ሳ.ሜ. ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ የ90 ዲግሪ ኩርባ ውስጥ ብቻ ከሁለቱ ጎማዎች አንዱ፣ ወይም ሁለቱም ተካፍለው፣ ከሁለት ሙሉ ዙር በላይ አስፋልቱ ላይ መፋተግ አለባቸው። ሙሉ ለሙሉ ዞሮ የሚመለስ የ180 ዲግሪ ኩርባ ሲሆን ደግሞ እጥፍ ነው።

ላንድክሩዘር ነድቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የኋላ ዲፈረንሻሉን ቆልፎ ደረቅ አስፋልት ላይ ልታጠፍ ቢል መኪናው አሻፈረኝ ይላል፤ ጎማው እየጮኸ፣ አፍንጫው ወደ ፊት እየገፋ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። ጎካርት በተፈጥሮው ሁልጊዜ ዲፈረንሻሉ እንደተቆለፈ መኪና ነው። ከዚያም በላይ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ጥሩ የሚባለው ባለ 125 ሲሲ የሮታክስ ሞተር 30 የፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ነው። ያችኑ ጎማ ለጎማ በማፋተግ ከጨረሳት ከኩርባው ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል?

ስለዚህ የውስጠኛው የኋላ ጎማ መሬቱን መልቀቅ አለበት። ግን ማን ነው የሚያነሳው? ብዙ ሰው መልሱ ሴንትሪፉጋል ኃይል ነው ብሎ ያልፈዋል። ግማሽ እውነት ነው። እስቲ ቁጥር ውስጥ እናስገባው። ካርቱና ነጂው አንድ ላይ 165 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ ከዚህም 42 በመቶው ፊት፣ 58 በመቶው ኋላ ላይ ይረፍ። ቆሞ ሲመዘን እያንዳንዱ የፊት ጎማ 35 ኪሎ፣ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 48 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 25 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፤ የፊቱንም ስፋት ለስሌቱ እንዲቀል 120 ሳ.ሜ. እንውሰደው። ካርቱ በ1.5 ጂ ሲታጠፍ (ይህ ማለት ራዲየሱ 10 ሜትር በሆነ ኩርባ ውስጥ በሰዓት 44 ኪ.ሜ. ያህል ነው) ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሸጋገረው ክብደት 165 ሲባዛ በ1.5 ሲባዛ በ0.25 ሲካፈል ለ1.2 ነው፤ 52 ኪሎ ገደማ። በውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ጎማዎች ቆመው 82 ኪሎ ተኩል ይዘው ነበር። 52ቱ ሲሄድ 31 ኪሎ ያህል ይቀራል። አያችሁ? ኩርባው ብቻውን ጎማውን አያነሳውም። የቀረችውን 31 ኪሎ በሙሉ ከኋላ ወስዶ ለውስጠኛው የፊት ጎማ የሚያሸክም ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ያ ሌላ ነገር መሪው ነው። እኔ በበኩሌ በጎካርት ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ እጅግ ብልህ የሆነው ይኼ ይመስለኛል። መኪና ላይ መሪ የፊት ጎማዎችን ወደ ግራና ቀኝ ያዞራል፣ በቃ። ካርት ላይ ግን ጎማዎቹን ወደ ላይና ወደ ታችም ያንቀሳቅሳል። የፊት ጎማው የሚዞርበት ኪንግ ፒን ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ጫፉ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ይህ ማጋደል ካስተር ይባላል። ጎማው ደግሞ ከኪንግ ፒኑ ጎን በደንብ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ወደ ግራ ስትታጠፉ የግራው ጎማ በዚያ ባጋደለ ፒን ዙሪያ ወደ ኋላ ሲሄድ አብሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀኙ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ላይ ይወጣል። ጎማው ከፒኑ 13 ሳ.ሜ. ቢርቅ፣ ካስተሩ 15 ዲግሪ ቢሆንና ጎማው 20 ዲግሪ ቢዞር፣ በአንድ ጎን የሚመጣው ለውጥ 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ወርዶ ሌላው ሲወጣ በመካከላቸው 23 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው።

ውጤቱን ለማየት የካፌ ጠረጴዛ ይበቃል። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ አንዱ የፊት እግሩ ሥር እንጨት ብትከቱበት ምን ይሆናል? በዚያ እግርና በሰያፍ ከኋላው ባለው እግር ላይ ይቆምና ሌሎቹ ሁለት ይወዛወዛሉ። ካርቱም እንዲሁ ነው። የውስጠኛው የፊት ጎማ ወደ ታች ሲገፋ ክብደቱ በእርሱና በውጨኛው የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል፤ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ከዚያም ይነሳል። በምሳሌአችን ጎማው ልክ መሬቱን በለቀቀበት ቅጽበት ውጨኛው የኋላ ጎማ 96 ኪሎ፣ የውስጠኛው የፊት 31፣ የውጨኛው የፊት 38 ኪሎ ይይዛሉ። የኋላው ክብደት በሙሉ በአንድ ጎማ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ሻሲው ራሱ ይገባል። ከዚያ 23 ሚሊ ሜትር ውስጥ የተወሰነውን ጎማዎቹ በመርገብ ይበሉታል፣ የተወሰነውን ደግሞ ሻሲው በመጠማዘዝ ይበላዋል፤ የተረፈው ነው ጎማውን የሚያነሳው። ሞላ የሌለው መኪና ሞላው ሻሲው ነው። ስለዚህ የካርት ሻሲ ከ30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር የክሮም ሞሊብደነም ብረት ቱቦ የሚሠራው ለጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በልኩ ታጥፎ በልኩ እንዲመለስ ነው። በጣም ከለሰለሰ የመሪው ሥራ ሁሉ በመጠማዘዝ ያልቅና ጎማው አይነሳም። በጣም ከደረቀ ደግሞ ጎማው ድንገት ብድግ ብሎ ድንገት ይወድቃል፤ መንገዱ ትንሽ ሸካራ ከሆነማ አራቱም ጎማዎች ባንድ ላይ መሬት መንካት ያቅታቸዋል። የመኪና ዲዛይን መጽሐፍ አንብቦ የመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በመኪና ትምህርት ሻሲ በደረቀ ቁጥር ጥሩ ነው፣ መተጣጠፉን ለሞላው ተወው ይባላል። ካርት ላይ ግን የምትተዉለት ሞላ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንበሩም የሻሲው አካል ነው። ከፋይበር ግላስ የሚሠራው ወንበር በአራት ቦታ ከቱቦው ጋር በቡሎን ይታሰራል፤ ከመኪና ወንበር በተለየ ኃይል ያስተላልፋል። ከወንበሩ ጎን ወደ አክስሉ ኩሺኔታ አካባቢ ተጨማሪ ደጋፊ ዘንግ ሲታሰር ኋላው ይደርቃል። ነጂው ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ያህሉ ስለሆነ የሚቀመጥበት ቦታ ቀላል ነገር አይደለም። ወንበሩ በ2 ሳ.ሜ. ከፍ ቢል የጠቅላላው ክብደት ማዕከል በ1 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ይላል፤ በላይኛው ስሌት ወደ ውጭ የሚሸጋገረው ክብደት በ2 ኪሎ ይጨምራል ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ልታነሱት የፈለጋችሁት 31 ኪሎ መሆኑን ግን አትርሱ።

ይህን ከያዝን ዋና ዋናዎቹ አስተካከሎች ራሳቸውን ያስረዳሉ። የፊቱን ስፋት መጨመር (ከጎማው ጀርባ የ5 ወይም የ10 ሚሊ ሜትር ቀለበት በመጨመር ነው የሚሠራው) ጎማውን ከኪንግ ፒኑ ያርቀዋል፤ መሪው የበለጠ ያነሳል፣ አፍንጫውም ቶሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ካስተር መጨመርም ወደዚያው ይወስዳል፤ ዋጋው መሪው መክበዱ ነው፣ የነጂውን ክንድ ይጨርሳል። የኋላውን ስፋት ማጥበብ የክብደት ሽግግሩን ስለሚጨምር ውጨኛው የኋላ ጎማ የበለጠ ይጫናል፤ ማስፋት ተቃራኒውን ያደርጋል። በአክስል ጥንካሬ ላይ ግን ምክሩ ከሻሲ ሻሲ ይለያያል። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ባዶ አክስል ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እየተባለ ይሸጣል፤ አንዱ ካርት ላይ ደረቁ የኋላውን መያዝ ሲጨምር ሌላው ላይ ይቀንሳል። ምክንያቱም አክስሉ ብቻውን አይደለም የሚሠራው፤ ከሻሲው፣ ከወንበሩና ከጎማው ጋር የተጣመረ አንድ ሞላ ነው። እዚህ ላይ ሞክሮ ሰዓት ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። የጎማ ንፋስም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከመኪና ጎማ በጣም ያነሰ፣ 10 ፒኤስአይ አካባቢ ስለሚሞላ የግማሽ ፒኤስአይ ለውጥ እንኳ ይታወቃል።

የዝናብ ጊዜ አስተካከል ነገሩን ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደርገዋል። አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን ካርቱ 0.6 ጂ ብቻ ማግኘት ቻለ እንበል። የሚሸጋገረው ክብደት ከ52 ኪሎ ወደ 21 ኪሎ ወረደ። በውስጥ በኩል 62 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። የኋላውን ጎማ ነፃ ለማውጣት ያ 62 ኪሎ ሁሉ የውስጠኛው የፊት ጎማ ላይ መሄድ አለበት፤ የውጨኛው ፊት 7 ኪሎ ብቻ ይይዛል። ኩርባው ሊያግዝ ስላልቻለ ሥራው ሁሉ በመሪው ላይ ወደቀ። ታዲያ ልምድ ያለው መካኒክ ደመና ሲያይ ምን ያደርጋል? ፊቱን እስከሚችለው ያሰፋል፣ ካስተሩን ይጨምራል፣ ኋላውን ያጠባል፣ ወንበሩን ከፍ ያደርጋል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መካኒኩ ዝም ብሎ ሁሉን ነገር የገለባበጠ ሊመስለው ይችላል።

ጎማው መነሳቱ ጥሩ ነው ማለት ግን ብዙ በተነሳ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ነጂው መሪውን ሲመልስ ጎማው በዝግታ መሬት መንካት አለበት፤ ከኩርባው መውጫ ላይ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መግፋት ስላለባቸው። ኩርባ ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ የሚገፋ ካርት (አንደርስቲር) ብዙ ጊዜ የውስጡን የኋላ ጎማ ያላነሳ ካርት ነው። መካከል ላይ ደህና ሆኖ መውጫው ላይ ሞተሩ እንደታነቀ ድምፁ ከወረደ፣ ጎማው ቀድሞ ወርዶ እየተጎተተ ነው። ኋላው እንደ ፌንጣ ጠብ ጠብ ካለ ደግሞ መያዙ በዝቷል፤ አክስሉና ሻሲው ኃይሉን ይዘው መልቀቅ አቅቷቸዋል። ኋላውን ማስፋት ወይም ወንበሩን ዝቅ ማድረግ የሚሞከረው ያኔ ነው። ጭራው የሚወጣበት (ኦቨርስቲር) ካርት ግን ሁለት መንታ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ኋላው መያዝ አንሶት፣ ወይም ፊቱ ከመጠን በላይ ይዞ። ሁለቱን ለመለየት አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ደግሞ መንዳት ያስፈልጋል። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ካርቱ ቢሻሻልም በየትኛው እንደተሻሻለ አያውቅም።

ወደ ፕሮጀክቱ ልመለስ። ካርት ልሥራ የሚል ተማሪ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚያገኘው ካሬ ቱቦ ብረት ነው፤ ያንን ቆርጦ፣ እንዳይጎብጥ ብሎ በሰያፍ ደጋፊ ሞልቶ ይበይደዋል። ኪንግ ፒኑን ለመበየድ እንዲመቸው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የፊት ጎማውንም ለመሪው እንዲቀል ወደ ፒኑ ያስጠጋዋል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሲደመሩ ግን ካስተር የሌለው፣ የማይጠማዘዝና የውስጡን ጎማ በምንም መንገድ የማያነሳ ካርት ይሆናል። ቀጥታ መንገድ ላይ ያምራል፤ ኩርባ ላይ ሲደርስ መሪው ቢጠመዘዝም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እዚያ አጥር ወይም ሰው ካለ ነገሩ ከነጥብ መቀነስ ያለፈ ነው። አንዳንዱ መፍትሔ ብሎ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በካቴና ነድቶ ሌላውን በኩሺኔታ ላይ ነፃ ይለቀዋል። እርግጥ ይታጠፋል። ግን ፍሬኑ አክስሉ ላይ ከሆነ የሚይዘው አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ ስለሚሆን ካርቱ ሲቆም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ይህን መርጦ የሚሠራ ሰው ፍሬኑን እንደገና ማሰብ አለበት።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ እንዲያውም የመጨረሻው ብየዳ ከማለቁ በፊት፣ ሊሠራ የሚችል አንድ ርካሽ ሙከራ አለ። አራት የቤት ውስጥ የሰው ሚዛኖች ተዋሱ። ደልዳላ ወለል ላይ በአራቱ ጎማዎች ሥር አስቀምጡና ነጂው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። አራቱን ንባቦች ጻፉ፤ የግራውና የቀኙ በጣም ከተራራቁ ሻሲው በብየዳ ሙቀት ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ነጂው መሪውን ቀስ እያለ ወደ ግራ ያዙር፤ በየ5 ዲግሪው የአራቱንም ሚዛን ንባብ መዝግቡ። የግራው የኋላ ጎማ ንባብ መሪው በዞረ ቁጥር እየወረደ፣ የግራው የፊትና የቀኙ የኋላ እየጨመሩ መሄድ አለባቸው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ካስተሩ ወይም የጎማው ርቀት በቂ አይደለም፣ ወይም ሻሲው ሁሉን እየዋጠው ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሻሲው ላይ ጊዜያዊ ሰያፍ ብረት በቡሎን አስራችሁ ደግማችሁ መዝኑ፦ ንባቡ ከተቀየረ ጥፋቱ የሻሲው ልስላሴ ነው፤ ካልተቀየረ ኪንግ ፒኑን ፍቱና አጋድላችሁ እንደገና በይዱት።